የፓምፗን ዘይት የቀየርኩ ዕለት

34 ዓመት በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ስንት ሕፃን ተቀብያለሁ፣ ስንት ቁስል አጥቤያለሁ፣ በክረምት ወንዝ ሞልቶ ሲያግደኝ የክትባት ሣጥን ታቅፌ ዳር ላይ አድሬያለሁ። ሞተር ፈትቼ ግን አላውቅም ነበር። በቤታችን የመድኃኒት ነገር የእኔ፣ የሞተር ነገር የባለቤቴ ነው። ቁጭ ብለን ተነጋግረን ያደረግነው ክፍፍል አይደለም፤ እንዲሁ በዓመታት ብዛት የሆነ ነው። በየቤታችሁ እንዲህ ያለ ክፍፍል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሁለቱም ጤነኛ እስከሆኑ ድረስ ማንም ልብ አይለውም።

በቤተሰብ ገጽ ላይ የውሃ ፓምፕ ወሬ ምን አመጣው የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ጥቂት ታገሡኝ።

ቤታችን መርሳ ነው። ከወልድያ ወደ ደሴ ስትሄዱ ሲሪንቃን አልፋችሁ የምታገኟት፣ አውቶቡስ ሲቆም ልጆች ማንጎና ፓፓያ ይዘው መስኮት ሥር የሚሰለፉባት፣ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ጡረታ ስወጣ ከወልድያ ጓዛችንን ጠቅልለን የገባነው ባለቤቴ ከአባቱ የወረሳት አንድ ጥማድ መሬት እዚህ ስላለችው ነው። ወንዙ ቅርብ ነው። ክረምት በቆሎና ማሽላ፣ በጋ ሽንኩርት እንዘራለን። የጡረታ ገንዘብ ምን ያህል እንደሚያደርስ ለዚህ ገጽ አንባቢ አልነግርም። የልጅ ልጄን ደብተርና ጫማ የሚገዛው የበጋው ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርቱን የሚያጠጣው ደግሞ ፓምፗ ናት።

ባለ 3 ኢንች፣ በቤንዚን የምትሠራ፣ ሁለት ሰው ሊሸከማት የሚችል ትንሽ ፓምፕ ናት። ባለቤቴ ግን እንደ ሰው ነበር የሚይዛት። ሾፌር ነበር። የተዋወቅነውም በክትባት ዘመቻ ነው፤ እኔ ከኋላ ሣጥኑን ይዤ፣ እሱ ከፊት መሪውን ይዞ፣ ውርጌሳ፣ ሊብሶ፣ ግራና እያልን ስንዞር። መኪናውን አቁሞ ከሥር ሲገባ ደጋግሜ አየው ነበር። ዘይት ሲጨምር ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥራል። ለምን ትጮሃለህ ስለው፣ «ካልቆጠርኩ እረሳለሁ፤ ከረሳሁ ደግሞ ተራራ ላይ እንቀራለን» ይለኝ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ወደ ወልድያና ወደ እኛ ሲደርስ፣ ፓምፗን በሌሊት ፈትቶ፣ በላስቲክና በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ ማሳው ጥግ ቀበራት። መብራትም ስልክም ባንክም በሌለበት በእነዚያ ወራት ብዙ ነገር ሄዷል። እሷ ተረፈች። በ2014 ታኅሣሥ ነገሩ ሲረጋጋ ቆፍሮ ሲያወጣት ከሁሉ በፊት ያደረገው ዘይቷን መቀየር ነው። በሩ ላይ ቆሜ አይቼዋለሁ። ሰው በተረበሸበት ጊዜ እጁ የለመደው ሥራ ይይዘዋል።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ጠዋት ቡና ስንጠጣ ሲኒው ከቀኝ እጁ ወደቀ። ቀና ብዬ ሳየው አፉ ወደ አንድ በኩል ሄዷል። «ምነው?» አልኩት፤ መልስ ሊሰጠኝ ሞከረ፣ ቃሉ አልመጣም። ይህን ለታካሚ ቤተሰብ ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ፦ ፊት ከተጣመመ፣ ክንድ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ጭንቅላት ውስጥ ያለ የደም ሥር ተዘግቷል ወይም ፈስሷል፤ ጠበል፣ ማሸት፣ ነገ እናያለን የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ወልድያ አደረስነው፣ ከዚያ ወደ ደሴ። የደም ግፊት መድኃኒቱን «ምንም አላመመኝም» ብሎ ካቋረጠ ወራት ሆኖት ነበር፤ በዚህ ነገር ያልተጨቃጨቅንበት ሳምንት አልነበረም። ግፊት አያምም። የሚያታልለውም በዚህ ነው።

ከሞት ተረፈ። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን ከዱት፣ ንግግሩም ሄደ። የሚባለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል። መናገር ሲፈልግ ግን ከአፉ የሚወጣው አንዲት ቃል ናት፤ «አይ» ነው። አዎ ሊል ሲፈልግም «አይ»። ሲበሳጭ በግራ እጁ የያዘውን ከዘራ መሬት ላይ ይመታል። እኔ ነርስ ነኝ፤ ምን እንደደረሰበት አውቃለሁ። ማወቅ ሌላ ነው፣ ከዚያ ሰው ጋር ምሳ መብላት ሌላ።

ፓምፗ ክረምቱን ሙሉ ዳሷ ውስጥ ቆመች። መስከረም ማብቂያ ላይ ድንገት የጣለ ዝናብ ወንዙን አምጥቶ ዳሷን አጥለቀለቃት። የጎረቤት ልጆች በማግሥቱ ከጭቃ አወጡልን። ሽንኩርቱን ግን መደብ ላይ አፍልተነዋል፤ ፀሐዩ በርትቷል፣ በባልዲ ከወንዝ እያመላለስን እናጠጣለን። የከተማው መካኒኮች ሁሉ ወረፋ ይዘዋል፤ ጎርፉ የነካው የእኛን ፓምፕ ብቻ አልነበረም። አዲስ አበባ ያለው ልጃችን ስልክ ደውሎ «እማዬ፣ ለምን አትሸጧትም? መሬቱንም ለእኩል ስጡት፣ እኔ በየወሩ እልክላችኋለሁ» አለኝ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር። ባለቤቴ ከአልጋው ላይ ሆኖ ሰማ። ከዘራውን አንስቶ ወለሉን ሦስት ጊዜ መታ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስከ ማታ አልበላልኝም።

በማግሥቱ ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። ባሕር ዳር ጣና ላይ፣ ወደ ዘጌና ወደ ደቅ ደሴት ከሚመላለሱ ጀልባዎች ጋር የሞተር ሥራ ይሠራል። ገና ፓምፗ ጎርፍ ገባባት ብዬ ሳልጨርስ፣ «አክስቴ፣ ገመዷን እንዳትስቢ!» ብሎ ጮኸ።

«ለምን?»

«ውሃ ከገባባት ስትስቢ ውስጧን ትሰብሪያለሽ። መጀመሪያ የዘይት መለኪያዋን ንቀይና ቀለሙን ንገሪኝ።»

ነቀልኩት። ጠቆር ያለ ወይም ማር የመሰለ ነገር ነበር የጠበቅሁት። ዘንጉ ላይ ያለው ነጣ ያለ፣ አረፋ የመሰለ ነገር ነው። «ማኪያቶ» አልኩት።

«እንግዲያው ውሃ ጠጥታለች። እሺ፣ አትፍሪ።»

እሱ እንዳስረዳኝ፣ ዘይትና ውሃ ተንጠው ሲቀላቀሉ እንደ ወተት ይሆናሉ፤ ያ ቅልቅል ብረትን ከብረት አይለይም፣ ዝገትም ያመጣል። የእነሱ ሥራ ላይ ይህ የየዕለት ጉዳይ ነው አለኝ። አንዳንድ ጀልባ ሞተሩ ከውስጥ፣ ማርሹ ግን ከጀልባው ኋላ ውጭ ሆኖ ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ይሠራል። ማርሹ የራሱ ዘይት አለው፤ ዘይቱን ከሐይቁ የሚለየው ፓራኦልዮ የሚባል ጎማ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘይቱን ሲያወርዱ መጀመሪያ የሚያዩት ቀለሙን ነው። ወተት ከመሰለ ጎማው አርጅቷል፤ የብረት ብናኝ ካለበት ጥርሱ እየተበላ ነው። ደግሞ ሲሞላ ከላይ አይደለም፤ ከታችኛው ቀዳዳ እየተገፋ ይገባና በላይኛው ቀዳዳ ሲፈስ ሞላ ይባላል፤ አለበለዚያ ውስጡ አየር ይቀራል። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ እኛም መርፌ ከመውጋታችን በፊት ሽቅብ ይዘን አየሩን የምናስወጣው እንዲሁ ነው። «የአንቺ ግን እንደ ጀልባ አይደለም፤ ቀላል ነው፤ ከላይ ይሞላል፣ ከታች ይፈስሳል» አለኝ።

አንድ ነገር ደጋግሞ አሳሰበኝ፤ ለናንተም ይጠቅማል። የታችኛውን ቡሎን ከመንካትሽ በፊት የላይኛው መሙያ መከፈቱን አረጋግጪ አለኝ። የላይኛው ዝጎ እምቢ ካለና የታችኛውን አስቀድመሽ ካፈሰስሽ፣ ዘይት የሌለው የማይሞላም ሞተር ታቅፈሽ ትቀሪያለሽ።

ወልድያ ወርጄ ዘይት ገዛሁ። ለባለ አራት ምት ሞተር የሚሆን ባለ 1 ሊትር ሁለት ጣሳ። አንድ ሱቅ ያሳየኝ ጣሳ ክዳኑ ላይ ያለው ቀለበት ተላቆ በማጣበቂያ የተመለሰ ነበር፤ መለስኩለት። መድኃኒት ስረከብ ማሸጊያ ሳላይ ፈርሜ አላውቅም፤ ለዘይትም አልፈርምም። ሌላ ሱቅ ሄድኩ።

እንግዲህ ያን ጠዋት። ፓምፗን ጎረቤታችን ሐጂና ልጃቸው ግቢው መሃል ደልዳላ ቦታ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ከሥሯ ሳፋ እንዲገባ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ አስደግፈን ከፍ አደረግናት። «ሲስተር፣ እርስዎ ነዎት የሚፈቱት?» አሉኝ ሐጂ። «እኔ ነኝ» አልኳቸው። «አብሽሩ እንግዲህ» ብለው ጥላው ሥር ቁጭ አሉ፤ ለመሄድ አላሰቡም። ባለቤቴን ደግፌ አውጥቼ ዱካ ላይ ትራስ አድርጌ አጠገቧ አስቀመጥኩት። የመሣሪያ ሣጥኑን ከፈትኩት። ከሚያዝያ ወዲህ የተከፈተ አይመስለኝም።

ፓፓጋሎውን አነሳሁ፤ ለሁሉም ይሆናል የሚባል መፍቻ ስለሆነ። «አይ!» አለ። ይህኛው «አይ» እውነተኛው አይ ነበር። በግራ እጁ ሣጥኑን ጎርጉሮ ክብ አፍ ያለውን መፍቻ አውጥቶ ሰጠኝ። ቡሎኑ ላይ ሳስገባው ዙሪያውን ያዘው። ፓፓጋሎ የቡሎኑን ጥግ ይበላዋል፤ ከተበላ ደግሞ በምንም አይፈታም። ይህንንም ኋላ የእህቴ ልጅ አረጋገጠልኝ።

ላይኛውን ከፈትኩ። ከዚያ ከታች ወደ ግራ ገፋሁት። አልነቃነቅም አለ። ሐጂ ሊነሱ ሲሉ ባለቤቴ ከዘራውን ከፍ አድርጎ አስቆማቸው፤ ለእኔ ደግሞ በመዳፉ መፍቻውን ጫፉ ላይ መታ መታ አድርጊ ብሎ አሳየኝ። መታሁት፤ ለቀቀ።

መጀመሪያ የወጣው ምን መሰላችሁ? ንጹሕ ውሃ ነው። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ፣ ከአሥር ቀን በላይ ስትቆም የተለየው ውሃ ታች ረግቷል። ከዚያ በኋላ ነው ማኪያቶው እየተጎተተ የመጣው። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ አየና በጣቱ ጠቅሶ በአውራ ጣቱ አሻሸው። አሸዋ እንዳለበት ማየቱ ነበር። የለበትም። ራሱን ነቀነቀ።

ቡሎኑን ልመልስ ስል ከዘራው መሬቱን መታ። ተመለከትኩት። ሳፋውን አሳየኝ። እጄን ከትቼ ፈለግሁ፤ ቀጭን የብረት ቀለበት፣ ሮንዴላዋ፣ ከቡሎኑ ጋር ወርዳ ታች ተቀምጣለች። እሷ ከሌለች ቡሎኑ ምንም ቢጠብቅ ያንጠባጥባል። ስድስት ወር ያልተናገረ ሰው፣ ከአሥር ዓመት በላይ ያወቃትን አንዲት ቀለበት አልረሳም።

ካንዴላዋን ፈትተን ገመዷን ቀስ ብዬ ሳብኩ። ከቀዳዳው ውሃ እንደ ጉም ተረጨ። ብዙ ጊዜ ሳብኩ፤ ደረቀ። የቤንዚኑን ታንከርም አፈሰስን፤ በጠርሙስ ስናየው ሥሩ ላይ ውሃው ተለይቶ ተቀምጧል።

አሁን መሙላት ነው። የሚያስፈልጋት 600 ሚሊ ሊትር ነው። መካኒክ በዓይኑ ይሞላል፤ እኔ ግን ዓይን ለካ በሚባል ነገር አላምንም። ባለቤቴ ደሴ ተኝቶ በነበረበት ጊዜ መዋጥ ስላልቻለ በአፍንጫው በገባ ቱቦ ሾርባና ወተት የምንሰጠው በ50 ሚሊ ሊትር ትልቅ ሲሪንጅ ነበር። ሁለት ያልተከፈቱ ቤት ቀርተው ነበር። አንዱን ቀደድኩ። 12 ጊዜ ማለት ነው። (ዘይት የነካ ሲሪንጅ ተመልሶ ለሰው አይሆንም፤ ያ ሲሪንጅ ዛሬ መሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ነው።)

የመጀመሪያውን ስጨምር ከጎኔ ድምፅ ሰማሁ።

«አንድ።»

ሐጂ ያሉ መሰለኝ። ዞሬ አላየሁም፤ ሁለተኛውን ሞላሁ።

«ሁለት።»

ባለቤቴ ነው። ቃሉ ጥርት ብሎ ነው የወጣው። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ግን አላቆምኩም፤ ባቆም የሚቆም መሰለኝ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ስድስት ላይ ሐጂ ፊታቸውን በፎጣቸው ሸፈኑ። እሱ ግን እኛን አያይም፤ የሲሪንጁን ቁጥር ነው የሚያየው፤ እንደ ድሮው ከመኪናው ጎን ቆሞ እንደሚጮኸው ነው። እስከ 12 ቆጠረ። «በቃ» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። አላለም። «አይ» አለ፤ ፈገግ ብሎ።

እዚህ ላይ እንደ ሚስት ሳይሆን እንደ ነርስ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ወሬው ሰፈር ውስጥ «ፓምፕ ፈውሶት» ተብሎ ዞሯል። አንጎል ውስጥ ቃል ፈልጎ ዓረፍተ ነገር የሚሠራውና ከልጅነት ጀምሮ በቃል የተያዘው ነገር አንድ መንገድ ብቻ አይጠቀሙም። ንግግሩ የጠፋበት ሰው ብዙ ጊዜ ቁጥር መቁጠር፣ የሳምንቱን ቀናት በተራ ማለት፣ ጸሎት መድገም፣ የሚያውቀውን ዘፈን ማዜም ሊቀርለት ይችላል። ንግግር አስተማሪ ባለበት አገር ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከዚያ ይጀምራል። እኔ ይህን አውቅ ነበር፤ ቤቴ ውስጥም ሞክሬዋለሁ፤ አልጋው ጎን ተቀምጬ «ቁጠር» ብዬው ፊቱን አዙሮብኛል። ማን ይወቅሰዋል? ሠላሳ ዓመት መኪና የነዳ ሰው እንደ ሕፃን ቁጠር ሲባል። ዘይት ሲሞላ ግን የሚቆጠር ነገር ነበር። አባት ወይም እናት እንዲህ ሆኖባችሁ ቤት ያላችሁ ካላችሁ፣ ድሮ በእጃቸው ይሠሩት የነበረውን ነገር አጠገባቸው አድርጉ። ቡና የምትቆላ እናት ከሆነች ምጣዱን ፊቷ ጣዱት። ካልሆነም ምንም አይጎዳም።

ወደ ፓምፗ ልመለስ። መለኪያውን ጠርጌ አስገባሁ፤ ሳይጠመዘዝ እንዲሁ ማስገባት ነው፣ ከዚያ ማየት። ሞልቷል። ከመነሳቷ በፊት ሆዷ ውስጥ ውሃ መኖር አለበት፤ ደረቋን ከተነሳች ውስጧ ያለው መዝጊያ በደቂቃ ይቃጠላል። የሐጂ ልጅ በጀሪካን አምጥቶ ሞላላት። ገመዷን ሳብኩ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ትከሻዬ እምቢ አለ። አራተኛውን የሐጂ ልጅ ሳበው፤ አሳለችና ነጭ ጭስ ተፍታ ተነሳች። አምስት ደቂቃ አስነድተን አጠፋን።

እንደገና አፈሰስን። አሁንም ግራጫ ነው። ቁስል አንድ ጊዜ ታጥቦ አይጠራም። ሁለተኛ ሞላሁ፤ ሁለተኛ ቆጠረ። አምስት ደቂቃ አስነስተን ስናፈስስ ግራጫው ቀርቶ ጠቆር ያለ ዘይት ወጣ። ሦስተኛውን ሞልተን፣ አስነስተን፣ አጥፍተን፣ መለኪያውን ሳወጣ ማር ነው። ሦስት ጊዜ 600፣ ከሁለቱ ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ተረፈኝ።

አሁን ስለ ቆሻሻው ዘይት። ሳፋው ገና ሳይነሳ አንዲት ጎረቤት ለፍየሎቿ እከክ ለመነችኝ። አልሰጠኋትም። በሥራ ዘመኔ የተቃጠለ ዘይት ለከብት ቁስል ቀርቶ ለሰው ልጅ ጭንቅላት ቆረቆር ተቀብቶ አይቻለሁ። የተቃጠለ ዘይት ከብረቱና ከጭሱ ያጠራቀመው ብዙ ነገር አለበት፤ ዕለት ዕለት ቆዳን ሲነካ ለካንሰር ሊዳርግ ይችላል፤ ፍየሏ ደግሞ ትልሰዋለች። የእንስሳት ክሊኒክ መርፌ አለው። እኔም ስሠራ ጓንት አድርጌ ነበር፤ ሐጂ ሳቁብኝ፣ ይሳቁ። ዘይቱን ክዳን ባለው ጀሪካን አጠራቅሜ ለጋራዥ ሰጠሁ። ወንዝ ዳር ማፍሰስማ የራስን ጉድጓድ መመረዝ ነው።

በዚያ መሃል ደግሞ የአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ መጣች። ከታንከሩ የወጣውን ቤንዚን ሐጂ በሃይላንድ አድርገው ጥላው ሥር አስቀምጠውት ነበር። ቀለሙ ለስላሳ ይመስላል። ብድግ አድርጌ ቆጥ ላይ ሰቀልኩት። እኛ ዘንድ ቤንዚን በሃይላንድ ይሸጣል፣ በሃይላንድ ይቀመጣል፤ ሕፃን ደግሞ ሃይላንድ ሲያይ የሚያስበው ውሃ ነው። ነጭ ጋዝም እንዲሁ። አያቶች ይህን በደንብ ስሙኝ፦ ልጅ ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ ከጠጣ አታስመልሱት። ጣት አትክተቱ፣ ያስመልሰዋል ብላችሁ ወተትም ዘይትም አትጋቱት። የሚገድለው ሆድ የገባው ሳይሆን ሳንባ የገባው ነው፤ ሲያስመልስ ደግሞ ተመልሶ ወደ ሳንባ ይገባል። ልብሱ ከተነካ አውልቁ፣ ቆዳውን በሳሙና እጠቡ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሩጡ። ደኅና ቢመስልም። ሳሉና የትንፋሽ ጥድፊያው ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ሌላም አለ፤ ይህንን ሳልጽፍ ባልፍ እንቅልፍ አይወስደኝም። ፓምፕ ውሃ ሽቅብ የምትስበው በአየር ግፊት ነው፤ ከ7 ሜትር ገደማ በላይ ከሆነ አትስብም፣ እንደ እኛ ከፍ ያለ አገር ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። በጋ የጉድጓድ ውሃ ሲርቅ ሰዎች ፓምፕዋን ጉድጓድ ውስጥ ያወርዷታል። የሞተር ጭስ ውስጥ ያለው መርዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጉድጓድ ውስጥ ይሞላል፣ ሰውየው ራሱን ሳያውቅ ይወድቃል። ሥራ ላይ ሳለሁ ለአንድ እንዲህ ላለ አደጋ ተጠርቼ ደርሻለሁ። ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ሁለተኛው የወረደው የመጀመሪያውን ሊያወጣ ነው። ስደርስ የምሠራው ነገር አልነበረም። ፓምፗ አትውረድ፤ የወረደ ሰው ዝም ካለም ማንም ተከትሎት አይውረድ። በር በተዘጋ ዳስ ውስጥም አታስነሷት።

ውሃው ቦዩን ይዞ መደቡ ጋ ሲደርስ አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር። ሽንኩርቱን በኅዳር ተከልነው። ለልጃችን ስልክ ደውዬ ፓምፗ እንደማትሸጥ ነገርኩት፤ «ማን ሠራት?» አለኝ። «አባትህና እኔ» አልኩት። ዝም አለ፤ ከዚያ «አባዬን አገናኝኝ» አለ። ስልኩን ጆሮው ላይ ያዝኩለት። ልጁ ከወዲያ ሆኖ «አንድ» አለ፤ አባትየው «ሁለት» አለ። እንዲያ እያሉ አሥራዎቹን አለፉ። ስልኩ የሚቆጥረው ገንዘብ ነው፤ ግድ የለም።

የእህቴ ልጅ ጎርፍ የነካት ሞተር እንደ አዲስ ትቆጠራለች ብሎ፣ 20 ሰዓት ስትሠራ ዘይቷን ድጋሚ እንድቀይር፣ ከዚያ ወዲያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ እንድለውጥ ነግሮኛል። ሀያውን ሰዓት ስትሞላ ቀየርኩት፤ ጠቁሯል እንጂ ውሃ የለበትም። የሙቀት መመዝገቢያ እንደምንሞላው በየቀኑ ስንት ሰዓት እንደሠራች ዳሷ ምሰሶ ላይ በተንጠለጠለ ደብተር እጽፋለሁ። የግፊት መድኃኒቱንም እዚያው ደብተር ላይ፣ ከጎኗ መስመር አስምሬለታለሁ። እስከ ትናንት እሷ ከመጨረሻው ዘይት ወዲህ 47 ሰዓት ሠርታለች፤ እሱ አንድም ቀን አላጎደለም።